ባዶው ሳህን

የሐረጎን ጥምዝ ሌሊቱን የወጣ፣
በበረዶ ሣጥን ታሽጎ የመጣ
ሁለት ብልቃጥ ወተት፤
ላዩ ላይ ወረቀት፦
«ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፣ የሰደቃ ቤት።
ሃምሳ ሦስት ሰው ታሟል፣ በጠጣ በሦስት ሰዓት።»
ከታች የአራጋው ፊርማ፤ ከፊርማው ሥር በእርሳስ፣
ቸኩሎ የጫረው፣ ሐሳቡ እንዳይረሳስ፦
«መዲና፣ አትዘግዪ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ማታ፤
የዘምዘም ቤት ቆርቆሮ በድንጋይ ተመታ።»

ዘምዘም ማናት?
ወተቱ ሲፈላ በደጃፉ ስታልፍ፣
ቆም ብላ ያየች ናት የድስቱን አፍ፤
«አረፋው ሲያምር» ብላ፣
«ማሻ አላህ» ሳትል የሄደች ቸኩላ።
ይኸው ነው ክሷ። ሌላ ምስክር
የለባትም፣ ከሃምሳ ሦስት ሆድ በቀር፤
እሱም በቃ ለሰፈር።

ዘራሁት ወተቱን በቀዩ ሳህን ላይ፣
የበግ ደም ባለበት፣ የሚበቅል እንዳይ።
በኢንኩቤተሩ ሆድ፣ በሠላሳ ሰባት፣
አንድ ቀን አሳደርኩት፣ ሁለተኛ ደገምኩት።
የጦሳ ጉም ወርዶ መስኮቴን ሸፈነ፤
ሳህኑን ወደ መብራት አንስቼ አየሁት፦
ባዶ።
አንዲት ነጥብ የለም።

በስልክ ነገርኩት። አራጋው ዝም አለ።
«እንግዲህ ሰፈሩ ‹አላልንም ወይ?› አለ፤
ተህዋስ ካጣሽበት፣ ዓይን ነው የበላው።»

ቆይ፣ አልኩት። ቆይ አንዴ።
እሳት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው፤
አፍልተውታልና ተህዋሱን ጨርሰው፣
ሳይሞት በፊት የተፋው ግን አለ፤ እሳት የማይፈታው።
ክፉ ቃል አታውቅም?
የተናገረው ሰው ድሮ ተቀበረ፣
ቃሉ ግን ይኸው አለ፣ ሰፈር እየዞረ።

ዘጠና ስድስት ጉድጓድ ያላት ገበጣ፣
ጠጠሯ ጠብታ፣ ከፒፔት የሚወጣ፤
ጸረ-አካል አለ ግርጌዋን የሚጠብቅ፣
ከሺህ ባዳ መሃል መርዙን ለይቶ የሚያውቅ፣
አንዴ ከያዘውም ፈጽሞ የማይለቅ።

ከዚያ ማጠብ ነው። አምስት ጊዜ ማጠብ።
አባቴ ይማም ለሰላት ሲታጠብ
እንደማይቸኩለው፣ በጣት መሃል ጣት፤
ሳይታጠብ የቀረ ይናገራል ውሸት።

ሁለት ምስክሮች አቆምኩ ከዳር፦
አንዱ መርዝ ያለበት፣ እኔው የማውቀው፣
አንዱ ንጹሕ። ንጹሑ ቀለም ካወጣ
ችሎቱ ፈረሰ፤ እንደገና ከሀ።

ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት። ወንበሬ ጮኸ።
ሰማያዊ መጣ፣ መጀመሪያ እንደ ጥርጣሬ፣
ኋላ እንደ ማረጋገጫ።
አሲድ ጠብ ሳደርግበት ሆነልኝ ቢጫ፣
የሰኞ ገበያ እርድ፣ ያልተቀላቀለ።
ንጹሑ ምስክር ውሃ እንደመሰለ
አፉን ሳይከፍት፣ ከዳር እንዳለ።

«ኢንትሮቶክሲን፦ ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩ።
አራጋው በስልኩ «ዘምዘም ተፈታች!» አለ፣
እንደ ልጅ ጮኸ።
እኔ ግን ወረቀቱን ገልብጬ፣
ከጀርባው ያለውን፣ ሳልፈልግ፣ ደገምኩት፦
«ላሟን ያለበችው ባለቤቷ ከዲጃ።
አውራ ጣቷ ቆስሎ መግል ይዟል፤ በጨርቅ አስራዋለች።
ወተቱ ሌሊቱን ከምድጃ ዳር አደረ።»

ለሟች ባሏ ነበር ሰደቃው።
ባንድ እጇ፣ ባመማት ጣት፣
ጎህ ሳይቀድ ለሱ ነፍስ ያለበችው።

መዝገቤ «ምን» የሚል ዓምድ አለው፤
«ማን» የሚል የለውም።
ደስ አለኝ። ደግሞ አፈርኩ፣ ደስ ስላለኝ።

አራጋው፣ አልኩት፣ ከሰፈሩ ቅደም።
ቀስ ብለህ ግባ። «ወንጀል አይደለም» በላት፣
«ከወንጀል ያንሳል፣ በዓይን አይታይም፤
እስቲ ጣትሽን አሳዪኝ» በላት።

ስልኩን ዘጋሁ። ጓንቴን አወለቅሁ።
ደሴ ላይ ዝናቡ ጀመረ፤
ወደ ቆላው፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ አየሁት።
የዘምዘምን ቆርቆሮ ማን እንደሚደፍን
ገበጣዬ አልነገረኝም፤
ሐምሌም ገብቷል።